ከመስኮቱ ማዶ የነበረው መንገድ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ሰሚት አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝና አንድ በመሠራት ላይ ካለ ሕንፃ አጥር ሥር ተጠለልኩ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ላይ ገና ያልተሠራው ሕንፃ ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል፤ መስታወት የለበሰ ፎቅ፣ ከፊቱ የመዋኛ ገንዳ፣ ገንዳው ዳር ነጭ ሱሪ ያደረገ ሰውዬ። ከሥዕሉ ጀርባ ጭቃና ድንጋይ ብቻ እንዳለ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይታየኛል። አጠገቤ የተጠለለች ወጣት ለካ የቤት ሻጭ ኖራ ወረቀት ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። «እማማ፣ ቤት ይፈልጋሉ?» አለችኝ። «የለም ልጄ፣ መስታወቱን ነው የማየው። ማዶ ያለው ነገር ሁሉ ውስጡ ይታያል። የሠራው ሰው ደክሞበታል» አልኳት። ፈገግ ብላ ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። እኔ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቆሜ፣ ስንት ዘመን ያልሄድኩበት አገር ሄጄ ነበር።

ጃል ኤል ዲብ ከቤይሩት በስተሰሜን ባሕሩን ይዞ የተሠራ ሰፈር ነው። ያን ጊዜ፣ ጦርነቱ ቆመ ከተባለ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ እኛ የነበርንበት ፎቅ ግድግዳው ላይ ገና የፍንጣሪ ጠባሳ ነበረበት። ከታች የመኑሼ ዳቦ የሚጋግር ቤት ነበርና ጠዋት ጠዋት ዳቦው ላይ የሚነሰነሰው የዛታር ቅመም ሽታ በደረጃው ሽቅብ ወጥቶ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። መንገዱ ላይ ሰርቪስ የሚሏቸው የጋራ ታክሲዎች ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ያልፋሉ፤ ሾፌሩ ጭንቅላቱን አውጥቶ «ዶራ? ዶራ?» ይላል፤ ሺህ ሊራ ይዞ መግባት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንዲህ ተሳፍሬ የአገሬ ልጆች የሚገናኙበት ዶራ እወርዳለሁ። የዶራ እሑድ! በሳምንቱ ውስጥ በሰው ቤት ሰማያዊ ዩኒፎርም ነጭ ኮሌታ ለብሰን የምንከርም ሴቶች፣ እሑድ ጂንስና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርገን፣ ፀጉራችንን ተተኩሰን፣ ሽቶ ነስንሰን ስንወጣ እርስ በርሳችን እንኳ አንተዋወቅም ነበር። የወሎ ሙስሊሞቹ ሻሻቸውን አሳምረው፣ የአዲስ አበባዎቹ ከንፈራቸውን ቀብተው፣ አንዷ የአገር ቤት ካሴት ከያዘች ሁላችንም በእሷ ዙሪያ። አረብኛው አማርኛችን ውስጥ ገብቶ ነበር፤ «ኸላስ፣ ማዳሜ ትጮህብኛለች፣ ያላ ልሂድ» እንባባላለን፤ ኸላስ በቃ፣ ያላ በይ እንግዲህ ማለት ነው። አሁን ሳስበው በዚያ ቋንቋ የማወራው ሰው የለኝም።

ማዳሜ ሳሚያ ትባል ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ግራጫ የምትለብስ ሴት። አረብኛ አንቱ የለውም፤ እኔም ያለ አንቱ ለመድኩና አንቺ እላት ነበር። አንድ ልጅ ብቻ ነበራት፣ ናዲን። ናዲን የሕንፃ ትምህርት የጨረሰች፣ ለአንድ ቢሮ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን ፎቶግራፍ አስመስላ በኮምፒውተር የምትሠራ ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ ቤይሩት ሁሉ እየፈረሰ እንደገና ሊሠራ ነው ይባል ስለነበር ሥራዋ አያልቅም፤ በባሕሩ ዳር ሆቴል፣ በከተማው መሐል ፎቅ፣ ሁሉም መስታወት፣ ሁሉም ፊቱ ገንዳ። ማሽኑ ያኔ እንዳሁኑ አልነበረም። ናዲን ሣሎኑ ጥግ ላይ ሠርታ ትጨርስና አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር፣ ቀኑን ሙሉ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ እየተንቀራፈፈ ይወጣል። እሷ በፈረንሳይኛ «ራንዱ» ትለው ነበር። እኔ በልቤ «ተጥዷል» እለዋለሁ። ማሽኑ በተጣደ ቀን ቤቱ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ፣ ቫክዩም፣ ካውያ አይሰካም። መብራቱ ከመንግሥት ጥቂት ሰዓት ይመጣል፤ የቀረው ከሰፈሩ ጄኔሬተር በኪራይ ነው፤ እሱ ደግሞ አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ካውያ ከተሰካ ቷ ብሎ ይጠፋል።

የቤቱ ሐዘን ካውያው ላይ ነበር። የማዳም ባል ሙሲዮ ኤሊያስ በጦርነቱ መሐል አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ያን ጊዜ የሚኖሩት ቤይሩት ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ ባለ አሮጌ ቤት ነበር። መንገድ ላይ ታጣቂዎች ኬላ ነበራቸው፤ አስቆሙት የሚል ሰው ተገኘ፣ አላየነውም የሚልም ተገኘ፤ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ቤቱን ጥለው ጃል ኤል ዲብ መጡ። ማዳም ግን ሸሚዞቹን ይዛ መጣች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እነዚያን ሸሚዞች አውጥቼ አጥቤ፣ ኮሌታቸውን በስታርች አድርቄ፣ ተኩሼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እመልሳቸዋለሁ። ማንም አልለበሳቸው፣ አልቆሸሹ። መጀመሪያ ሰሞን ግራ ገብቶኝ ነበር ብል ውሸት ነው። ገና ስታዘዝ ነው የገባኝ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን እንደዘመተ ቀረ። ጦርነቱ አለቀ፣ ወታደሩ በእግሩም በመኪናም ተበትኖ ገባ፣ እሱ አልገባ። መርዶም አልመጣ። ጎረቤት ለቅሶ እንቀመጥ ቢላት እናቴ፣ «ሞተ ያለኝ ሰው ሳይኖር ልጄን በአፌ አልገድልም» ብላ ጋቢውን በየበዓሉ አጥባ ታሰጣ ነበር። ስለዚህ ሸሚዞቹን ስተኩስ የማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማዳምም የአንቺስ ቤት ማን አለ ብላኝ አታውቅም። እንዲህ አንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ቁስል ይዘን፣ እሷ በፊት በር እኔ በጓሮ በር እንወጣለን እንገባለን።

አንድ ቅዳሜ ናዲን ማሽኑን ጥዳ ነበር። ለቢሮው ሰኞ በማለዳ የሚሰጥ የባሕር ዳር ሆቴል ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እየበሰለ መስኮቶቹ ወጥተው ገንዳው ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ማዳም ወደ ማድ ቤት መጣችና «የሺ፣ የኤሊያስን ሸሚዝ አልተኮስሽም» አለችኝ።

«ማዳም፣ ናዲን ካውያ አትሰኪ ብላኛለች። ነገ ብተኩሰውስ?»

«ነገ እሑድ ነው። በእሑድ አይተኮስም። አምጪው እኔ እተኩሰዋለሁ።» ካውያውን ራሷ አነሳችና ሰካችው። ቷ አለ። ፍሪጁ ቆመ፣ ማራገቢያው ቆመ፣ ከሣሎን የናዲን ጩኸት ተሰማ።

ልጅቷ ስትሮጥ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እናቷን አየች፣ ነጩን ሸሚዝ አየች። «ማማ፣ ለማን ነው? ንገሪኝ፣ ለማን ነው የምትተኩሺው? ሞቷል! መጥቶ አይለብሰውም፣ ኸላስ፣ ሞቷል!» አለች። ያ ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ማዳም ሸሚዙን በጥንቃቄ አጥፋ በክንዷ ላይ አድርጋ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከልጇ ጋር አልተነጋገረችም። ገበታ ላይ «ጨዉን አቀብዪኝ ብለሽ ንገሪያት» የሚለው ቃል በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ ሁለቱም እኮ ፊት ለፊት ተቀምጠው።

በዚያው ሰሞን አሮጌው ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ መጣ። መንደሩ በሙሉ ተሸጦ በቦታው ረጃጅም ፎቆች ይሠራሉ ተባለ። ናዲን አብረው ሄደው እንዲያዩት እናቷን በእኔ በኩል ጠየቀቻት፤ ማዳም ራሷን ነቀነቀች። ናዲን ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ ለቢሮው የምትሠራውን አቁማ የራሷን ቤት መሥራት ጀመረች። የተወለደችበትን ቤት ነው፤ ሦስት ቅስት ያለውን ትልቅ መስኮት፣ ቀዩን ጣሪያ፣ ግቢው መሐል ያለውን ትንሽ የድንጋይ ገንዳ። ይቅርታ መጠየቂያዋ እሱ መሆኑ ነው። እኔ አቧራ እየጠረግሁ ከኋላዋ አያለሁ። ግድግዳው አማረ፣ ድንጋዩ ድንጋይ መሰለ። መስታወቱ ግን ጥቁር ሆነ። ሦስቱም መስኮት ዓይኑ እንደፈሰሰ ሰው ጥቁር ጉድጓድ ሆነው ወጡ።

«ምነው ናዲን፣ ቃጠሎ ደርሶበታል እንዴ?» አልኳት።

«የለም ሃቢብቲ፣ የኔ ውድ። መስታወት የራሱ መልክ የለውም እኮ፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚመልሰው። ማሽኑ የሚያውቀው እኔ የሠራሁለትን ብቻ ነው። ከቤቱ ማዶ ምንም አልሠራሁም፣ ስለዚህ መስታወቱ የሚያየው ባዶ ነው። ማዶውን ልሥራ ብል ደግሞ ምን እንደነበረ አላስታውስም። ልጅ ነበርኩ። የማዶዎቹ ቤቶች አሁን ሁሉም ፈርሰዋል።»

ማዳም ከእኛ ኋላ ቆማ ኖሯል። ስትመጣ አልሰማናትም። ጥቁሮቹን መስኮቶች ረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ማዶ ባዶ አልነበረም» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

እነዚያ ሳምንታት እዚያ ቤት ካሳለፍኳቸው ሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ ይህን ስል ደግሞ ልቤ ይከፋዋል፣ መጨረሻቸውን አውቃለሁና። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ላይ ያለው ብርሃን ወደ ሣሎኑ ይገባል፤ እኔ ፋሱሊያ እየፈለፈልኩ ጉልበቴ ላይ ትሪ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ማዳም ታወራለች፣ ናዲን ትሠራለች። ከመስኮቱ ማዶ የልብስ ሰፊው ቤት፣ በሩ አረንጓዴ። ጎኑ የፊከስ ዛፍ፣ ሥሩ የእግረኛ መንገዱን ያነሳው። ቀጥሎ ወደ ወደቡ የሚወርድ የድንጋይ ደረጃ። «ዛፉ ከዚህ ይበልጣል» ትላለች ማዳም፤ ናዲን ታሳድገዋለች። «በሩ እንደዚህ አረንጓዴ አይደለም፣ ፀሐይ የበላው አረንጓዴ ነው።» ናዲን ታደበዝዘዋለች። ማዶው አንድ በአንድ በተሠራ ቁጥር መስታወቱ ውስጥ ሕይወት ይገባል፤ ጥቁሩ ጉድጓድ ቀስ በቀስ ቅጠል፣ ሰማይ፣ በር ሆነ። ያን ጊዜ ነው ማዳም ሙሽራ ሆና ወደዚያ ቤት የገባችበትን ቀን፣ የአማቷን ቁጣ፣ ኤሊያስ እየዘፈነ ፂሙን የሚላጭበትን ጠዋት የሰማሁት።

ገንዳው አስቸገረ። የናዲን ውሃ ቆርቆሮ መሰለ። ብታጠራው መስታወት ይሆናል፣ ብታወዛውዘው የተጨማደደ ላስቲክ ይሆናል። በመጨረሻ «የሺ፣ ሳፋ ውሃ ሞልተሽ በረንዳ ላይ አድርጊልኝ» አለች። አደረግሁላት። ሦስታችንም ተንበርክከን ሳፋ ዙሪያ ተቀመጥን። «ከላይ ቁልቁል ስታዪ ታቹ ይታያል። እንዲህ ዝቅ ብለሽ ከዳር ስታዪ ግን ታቹ ይጠፋና ሰማዩ ይመጣል» አለች ናዲን ጉንጯን ወለሉ ላይ አድርጋ። ማዳምም ግራጫ ቀሚሷን ሰብስባ ጉንጯን ወለሉ ላይ አደረገች። ከማዶ ፎቅ በረንዳ ላይ ምንጣፍ የምታራግፍ ጎረቤት «ሳሚያ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጮኸች። ማዳም ሳቀች። ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ድምፅዋ የልጅ ነበር።

አንድ ቀን ናዲን ፀጉሯ ላይ አቧራ ይዛ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ፈረሰ ማማ» አለች።

ማዳም እጇን ዘርግታ የልጇን ፀጉር አራገፈች። ከዚያ «ዛፉስ?» አለች።

«እሱም።»

«እንግዲህ ውሃውን ጨርሺው፣ ያላ።» ናዲን ኮቷን ሳታወልቅ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች።

ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል ማዳም «ኤሊያስን አስገቢው» አለች። ናዲን እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። «የት ማማ? በር ላይ? ግቢው ውስጥ?»

«ቤቱ ውስጥ አይደለም። መስታወቱ ውስጥ።» ያን ጊዜ ያንን ጠዋት ነገረችን። ለልጇም ነግራት አታውቅም ነበር። ኤሊያስ ዳቦ ላምጣ ብሎ ወጣ። እሷ በመሐለኛው መስኮት ቆማ አየችው። በአረንጓዴው በር በኩል አልፎ፣ ዛፉ ሥር ትንሽ ቆሞ ሲጋራ ለኮሰ። ግራጫ ጃኬቱን አድርጓል። እሷ መስታወቱን አንኳኳች፣ ቶሎ ተመለስ ልትለው። አልሰማትም። ሳይዞር ደረጃውን ወረደ። «ፊቱን አትሥሪ። ፊቱን አላየሁትም። ጀርባውን ነው ያየሁት» አለች።

ናዲን እየሠራች ታለቅስ ነበር። ዛፉ ሥር አንድ ሰው አቆመች፤ ትንሽ፣ ግራጫ፣ ጀርባውን የሰጠ። ከዚያ ማሽኑ ተጣደ። ጄኔሬተሩን የሚያከራየውን ሰውዬ ማዳም ራሷ ወርዳ እንዳያጠፋው ለመነችው። ቤቱ ውስጥ ምንም አልሰካንም፤ ፍሪጁን እንኳ ነቅለን የተረፈውን ሥጋ ለጎረቤት ሰጠን። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሥዕሉ አለቀ። መስኮቱ እውነት መስኮት ነበር። ውሃው ውሃ ነበር፤ ከአጠገቡ ታቹ ድንጋዩ ይታያል፣ ራቅ ሲል ሰማይ ይሆናል። መሐለኛው መስታወት ላይ፣ በቅጠሉ ጥላ መሐል፣ አንድ ሰው ወደ ደረጃው እየሄደ ነበር።

ማዳም ተነስታ ጠጋ አለች። እጇን ልታነሳ ብላ ተወችው፤ ልታንኳኳ ይሁን ልትዳስሰው አላውቅም። «ሄደ» አለች ቀስ ብላ። «አየሽ ናዲን፣ እየሄደ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሲመጣ ነበር የሚታየኝ።» ከዚያ «አላህ የርሐሞ» አለች፤ ነፍስ ይማር ማለት ነው። ናዲን ከወንበሯ ወርዳ እናቷ ጉልበት ላይ ተደፋች። እኔ ማድ ቤት ገብቼ ውሃ ከፈትኩ፣ ድምፄ እንዳይሰማ።

ፍትሐቱ የተደረገው እዚያው ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሬሳ ሳጥን የለም፤ ሻማና ፎቶግራፉ ብቻ። ዘመዶች ጥቁር ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በመሐረብ ዓይናቸውን እየነካኩ ቆሙ፤ የእነሱ ልቅሶ ጨዋ ነው። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። አቡና የሚሉት ቄስ «ኤሊያስ» ብሎ ሲጠራ ምን እንደመጣብኝ እንጃ፤ ደረቴን መታሁ፣ «ወንድሜን! ደምሴን!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ «ያላ አስወጧት» ስትል ሰማሁ። ማዳም ከፊተኛው ረድፍ ተነስታ በመሐል መንገዱ መጣችና ክንዴን ያዘች።

«ማን ነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው። እሱም ሄዶ አልተመለሰም። ጦርነት ነው።»

«ስንት ዘመንሽ እኔ ቤት! ለምን አልነገርሽኝም?» አለችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «አልጠየቅሁሽም» አለች ራሷ። እጄን ይዛ ወደ ፊት ወሰደችኝ፣ አጠገቧ አቆመችኝ፣ አቡናውን «ሁለት ናቸው» አለችው። እሱም «ኤሊያስ፣ ዳምሲ» እያለ ጸለየ።

ከዚያ በኋላ ሸሚዞቹ ለምጽዋት ሄዱ። እኔ ለእናቴ ምን ልበላት እያልኩ ከረምኩ። ማንበብ ስለማትችል በካሴት ድምፄን ቀድቼ ነበር የምልክላት፤ አንዷ አገር የምትገባ ልጅ ዶራ ላይ ትቀበለኛለች። በመጨረሻ እንዲህ አልኳት፤ «እማዬ፣ ሞተ ያለኝ የለም። ግን ደከመኝ። እዚህ ባሕር ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ስሙን አስጠራሁት።» መልሷ እስኪመጣ ስንት ጾም ጾምኩ። ካሴቱ ሲመጣ ማዳም «እዚህ አድርጊው» አለችኝ፣ ሣሎን። አብራኝ ተቀመጠች። የእናቴ ሳል መጣ፣ ከዚያ ድምጿ፤

«በየትኛው ስሙ ነው ያስጠራሽው? ደምሴ ብለሽ ከሆነ እግዜር ማንን ብሎ ይፈልገዋል? ደምሴ እኮ እኔ ያወጣሁለት ነው። ክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው። በሱ አስጠሪው።» ከዚያ ወንድሜን በዚያ ስሙ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች፤ ያንን ሁሉ ዘመን አፏን ይዛ የኖረች ሴት፣ ካሴቱ እስኪያልቅ።

ማዳም አንድ ቃል አልገባትም። ግን አለቀሰች። ከዚያ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ነጠላ የመሰለ ጥቁር ሻሿን አነሳች። «ያላ የሺ። አቡና ጋ እንሂድ።»

ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዛ ስሙን ትለማመድ ነበር። «ወል ... ወልዳ ... ምን ማለት ነው?»

«ወልድ። ልጅ ማለት ነው።»

ቆመች። «ወለድ? በእኛም እኮ ወለድ ነው!»

አቡናው በሩ ላይ ተቀበለን። ስሙን ሁለተኛ ጊዜ ብነግረውም ተሳሰረበት። ማዳም ሳሚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት ቀስ አድርጋ፣ «ወለድ ጊብሪኤል፣ አቡና። የገብርኤል ልጅ። እናቱ በዚህ ስም ጥሩት ብላለች» አለችው።